በጨቅላው ራስጌ፤ የሕፃናት ሰመመን ታሪክ ከቀራንዮ ሲታይ

ከተማው ገና ወደ ምዕራብ ሳይሰፋ፣ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ያለው አገር እርሻና ግጦሽ በነበረበት ዘመን፣ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን እንደ ኦሪቱ ሥርዓት ይገረዝ ነበር፤ ገራዡም በእጁ ከያዘው ምላጭ፣ ደሙንም ለማቆም ካዘጋጀው መድኃኒት በቀር ሕማሙን የሚያስታግሥ አንዳች ነገር አልነበረውም። ከዚያም ጥቂት ቆይቶ፣ ሕፃኑ ያሳለው ወይም ጡት አልይዝ ያለው እንደሆነ፣ የእንጥል ቈራጭ ይጠራለት ነበር። እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ፣ አሮጊቶቹ «ጨቅላ ምን ያውቃል፤ ጡት ሲጎርስ ይረሳዋል» እያሉ ያጽናኗት ነበር። ይህ ቃል የመሃይምነት ቃል መስሎት የሚስቅ አንባቢ ቢኖር ሳቁን ጥቂት ያቆየው፤ እነሆ በሰለጠኑት አገሮች ታላላቅ ሆስፒታሎች ያሉ ሊቃውንት ይህንኑ ሐሳብ በሌላ አነጋገር እስከ ትናንትና ድረስ ይዘውት እንደ ነበር ትረካው ወደፊት ያሳያልና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በጥቅምት 16 ቀን 1846 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ለአንድ በሽተኛ ኤተር አሽትቶ ሲያስተኛው፣ ጆን ዋረን የተባለው ቀዳጅ ከሰውየው አንገት ላይ እጢ ቈርጦ ሲያወጣ፣ በሽተኛውም ሳይጮህ ሲቀር በዚያ የነበሩት ሁሉ ተደነቁ። በዓመቱ ደግሞ በኤዲንብራ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን በራሱ ላይ ሞክሮ አስተዋወቀ። ይህ መድኃኒት ሽታው ደስ የሚል፣ ሥራውም ፈጣን ስለ ነበር ዓለም በደስታ ተቀበለው፤ ነገር ግን ደስታው አልሰነበተም። በጥር ወር 1848 በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል አቅራቢያ፣ አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ የእግር ጥፍሯን ለማስወለቅ ክሎሮፎርም እንደ ተሰጣት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተች። ጥፍር ለማውለቅ ነፍስ መክፈሉ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ከደነገጡትም መካከል ነገሩን በምርምር የተከታተለው፣ የኮሌራን መንገድ በለንደን የውኃ ቧንቧ ላይ ያገኘው ያው ጆን ስኖው ነው። ስኖው አንድ ዓመት ላልሞላቸው ብዙ ሕፃናት ክሎሮፎርም በእጁ ሰጥቶ፣ ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያሸልብና ፈጥኖ እንደሚነቃ አስተውሎ ጻፈ፤ በ1858 ካረፈ በኋላ በታተመው መጽሐፉም ውስጥ ይህ ማስተዋሉ ይገኛል። ምክንያቱ ሕፃኑ በክብደቱ መጠን ከአዋቂው እጥፍ ያህል አየር ስለሚያመላልስ ነው፤ ይህም ማለት መድኃኒቱ ፈጥኖ ልቡ ይደርሳል፣ ከመጠን በላይ የሆነውም መርዝ እንዲሁ ፈጥኖ ይደርሳል ማለት ነው።

ይህ ጥበብ ወደ አገራችን የመጣው በጦርነት መንገድ ነው። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ፣ በ1868፣ አንድ ወላጆቹን ያጣ ሕፃን በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ህንድ ተወስዶ፣ በላሆርና በስኮትላንድ ሕክምናን ተምሮ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የተማረበትም ትምህርት የክሎሮፎርም ዘመን ትምህርት ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 የመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል ጓድ ደግሞ በአዲስ አበባ የቍስለኞችን እግርና እጅ እያከመ፣ ከዚያም ሆስፒታል ከፍቶ ሕዝቡን አገለገለ። በእነዚያ ዓመታት ግን ማደንዘዣ ለወታደር እንጂ ለጨቅላ የሚታሰብ አልነበረም። የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ፣ ወይም መውጫው ሳይከፈት የተወለደ ሕፃን በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ሲያርፍ፣ ሰው «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ይቀብረው ነበር፤ በአውሮፓም ቢሆን በዚያን ጊዜ ዕጣው ከዚህ ብዙ አይለይም።

በ1909 በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ጎዳና ባለው የሕፃናት ሆስፒታል፣ ታይረል ግሬይ የተባለ ቀዳጅ፣ ሕፃናትን በአፍንጫ ከማስተኛት ይልቅ በጀርባ አጥንታቸው በኩል መድኃኒት ሰጥቶ ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ እንደሚቻል በላንሴት መጽሔት ላይ አስረዳ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ተረሳ፤ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ በቬርሞንት ግዛት በ1984 እስኪነሣ ድረስም የሚያስታውሰው ጥቂት ነበር። የሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ልማድ አለው፤ የሚያስፈልገውን አግኝቶ ያስቀምጠዋል፣ አስፈላጊነቱም ሲታወቀው እንደ አዲስ ይፈልገዋል።

ከዚያች የለንደን ሆስፒታል ጋር የእኛም ታሪክ ይገናኛል። ጠላት አገራችንን በያዘበት በ1936፣ ከአባቷ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ እንግሊዝ የተሰደደችው ልዕልት ፀሐይ፣ የንጉሥ ልጅ መሆኗ ሳያግዳት በዚያው በግሬት ኦርመንድ ጎዳና ሆስፒታል የሕፃናት አስታማሚነትን ተማረች፤ በነሐሴ ወር 1939ም የሙያ ማስረጃዋን ተቀበለች። እርሷ በለንደን የሕፃናትን አልጋ ስታነጥፍ፣ በዚያው አገር ሰሜን፣ በኒውካስል፣ በ1937 ፊሊፕ ኤር የተባለ የሰመመን ሐኪም አንዲት ቀላል የምትመስል ነገር ሠራ። ኤር ራሱ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሰው ነበር፤ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ሕፃናትን ለመጠገን በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ላይ ሲሠራም፣ ለአዋቂ የተሠራው መሣሪያ ከባድ ክዳኖች ስላሉት፣ የሕፃኑ ደካማ ደረት እነርሱን ለመክፈት ሲታገል እንደሚደክም፣ ያወጣውንም አየር መልሶ እንደሚስብ አየ። ስለዚህ በላቲኑ T ፊደል ቅርጽ የተሠራች፣ አንዳች ክዳን የሌላት ቧንቧ አበጀ፤ በአንደኛው በኩል ንጹሑ አየር ከመድኃኒቱ ጋር ይገባል፣ በሌላው በኩል ሕፃኑ ያወጣው ይወጣል፣ የሚያግደውም የለም። ከዚያ በፊት ሕፃናት የሚደነዝዙት በጋዝ ጨርቅ በተሸፈነ የሽቦ ጭንብል ላይ ኤተር ጠብ ጠብ እየተደረገ ነበር።

በ1938 ሮበርት ግሮስ በቦስተን ከልብ አጠገብ ሳይዘጋ የቀረውን የደም ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ላይ አሰረ፤ በ1941 ደግሞ ካሜሮን ሃይት በሚሺጋን ያልተገናኘውን የምግብ ቧንቧ በአንድ ቀዶ ጥገና አገናኝቶ ሕፃኑን ሊያድን ቻለ። ከእንግዲህ ወዲያ የቀዶ ሕክምናው ጥበብ ጨቅላውን ደረሰው። ራስጌው ላይ የሚቆመው ሰው ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍልም የዚያ ሰው ታሪክ ነው።

ልዕልት ፀሐይ ወደ አገሯ ተመልሳ፣ ነቀምቴ ላይ ሳለች፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፈች። ሕፃናትን ለማስታመም የተማረች ሴት በወሊድ መሞቷ የዘመኑን ሰው እጅግ አሳዘነው፤ በስሟም በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች በሚባለው ስፍራ ተከፈተ። ከእርሱ ወዲያ፣ በእኛው በኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ በወጣትነቷ ያረፈችው እህቷ ልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ የሆነው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከጠላት ወረራ በፊት ተመሥርቶ ነበር፤ በ1965 በዚያው ግቢ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ተቋቋመ፣ ዛሬም አጠቃላይ ሆስፒታል ሆኖ ያገለግላል። ከአየር ጤናም ሆነ ከቤቴል ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው እነዚህን የሁለት እህትማማች መታሰቢያዎች ሳያስብ ያልፋቸዋል።

የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ከመከፈቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1950 መጨረሻ፣ በሊቨርፑል የሚሠራው ጃክሰን ሪስ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ጨቅላ ሕፃን ሰመመን ያወጣው ጽሑፍ ለሙያው የሕግ መጽሐፍ ያህል ሆነ። ሪስ በኤር ቧንቧ ጫፍ ላይ ጭራው የተከፈተ ትንሽ ከረጢት ጨመረበት፤ የሰመመኑ ሐኪም ያን ከረጢት በእጁ ይዞ፣ በጣቶቹ መካከል የሕፃኑን ሳንባ ጥንካሬና ልስላሴ ይሰማል፣ ሲተነፍስም አብሮት ይተነፍሳል፣ መተንፈስ ሲያቆምም ይተነፍስለታል። በእኔ ግምት በዚህ ሙያ ውስጥ ከተገኙት መሣሪያዎች ሁሉ ይህ ከረጢት ይበልጣል፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አይቆምም፣ መለዋወጫ አይጠይቅም፣ ሰውየውንም ከሕፃኑ ራስጌ እንዳይርቅ ያስረዋል። በ1953 በዚያው በሊቨርፑል በአልደር ሄይ ሆስፒታል ፒተር ሪክሃም ለቀዶ ሕክምና ጨቅላዎች ብቻ የተለየ ክፍል ከፈተ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ቨርጂኒያ አፕጋር የተባለች የሰመመን ሐኪም፣ የተወለደ ሕፃን ልቡ፣ እስትንፋሱ፣ የጡንቻው ጽናት፣ ሲነኩት የሚሰጠው ምላሽና መልኩ ከተወለደ በአንድ ደቂቃ የሚመዘኑበትን ቍጥር አሳተመች፤ ዛሬ በቀራንዮ ጤና ጣቢያዎች የምታዋልድ ነርስም ይህንኑ «አፕጋር» በመዝገቧ ላይ ትጽፋለች።

በዚህ ጊዜ አንድ አሳዛኝ ትምህርት ተገኘ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ እየተደረጉ ኦክስጅን ያለ ልክ ይሰጣቸው ስለ ነበር፣ ብዙዎቹ ዐይናቸው ታወረ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ ምርምሮችም መንሥኤው ኦክስጅኑ መብዛቱ መሆኑን አረጋገጡ። እንግዲህ አየር ሲጐድለው የሚሞተው ሕፃን፣ ሲበዛበት ዓይኑን ያጣል ማለት ነው። የጨቅላው ሰመመን ሐኪም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሁለት ገደሎች መካከል ይሄዳል።

በአገራችን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተቋቋመ፤ በኤዲንብራ ተምረው የተመለሱትና ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ቀዳጅ የሚባሉት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፣ ቀድሞም በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አገልግለዋል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀምሮ፣ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ከአገሪቱ አራቱ ማዕዘናት የሚሰበሰብበት ደጅ ሆነ። ሃሎቴን የተባለው የማይቃጠልና መልካም ሽታ ያለው መድኃኒት በ1956 ወጥቶ ስለ ነበር ኤተር ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ፤ ከ1970 ወዲህ ደግሞ ኬታሚን በመርፌ ተሰጥቶ እስትንፋስን ብዙ ሳያዳክም የሚያደነዝዝ በመሆኑ፣ የሰመመን ሐኪም በሌለበት ገጠር ሆስፒታል ሁሉ ዋነኛ መሣሪያ ሆነ። በሰመመን የተመረቁ ሐኪሞች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ስለዚህ መድኃኒቱን የሚሰጡት፣ ሌሊቱን የሚያነጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከነርስነት ተነሥተው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሆኑ። በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በዲግሪ የሚመረቁት የሰመመን ባለሙያዎች የዚያ መንገድ ወራሾች ናቸው። ሕዝቡ «ዶክተር» ብሎ የሚጠራቸው በክብር ነው፤ ሆስፒታሉ ግን ደመወዛቸውን ሲሠራ ያን ክብር አያስታውሰውም።

አሁን በመግቢያው ወደ ተነሣው ወደ አሮጊቶቹ ቃል እንመለስ። የጃክሰን ሪስ መንገድ፣ ማለትም ጡንቻን የሚያዝል ኩራሬ ከቀላል ጋዝ ጋር መስጠትና ሳንባውን በእጅ ማንቀሳቀስ፣ ሕፃናትን ከመርዝ ሞት አዳነ፤ ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ከዚህ አልፈው፣ የጨቅላ ነርቭ ገና ስላልበሰለ ሕማም አይሰማውም፣ ቢሰማውም አያስታውሰውም፣ ጠንካራ ማደንዘዣም ልቡን ያቆመዋል ብለው ስላመኑ፣ ጡንቻው እንዳይንቀሳቀስ ብቻ አድርገው ይቀዱት ነበር። ሕፃኑ እንዳይጮህ ሰውነቱ ታስሯል፤ አእምሮው ግን ነቅቶ ነበር። በ1985 በዋሽንግተን ከተማ ልጇ እንዲህ ሆኖ የልቡ ደም ሥር የታሰረለት አንዲት እናት፣ ልጇ ከሞተ በኋላ ነገሩን መርምራ በአደባባይ ስትናገር፣ የአሜሪካ ሕዝብ ሰምቶ ተቈጣ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ በኦክስፎርድ ካንዋልጂት አናንድ የተባለ ከህንድ የመጣ ወጣት ሐኪም ሥራውን አብቅቶ ነበር። በ1987 በላንሴት ባወጣው ጽሑፍ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱ 16 ሕፃናት መካከል ለስምንቱ ፈንታኒል የተባለ የሕማም ማስታገሻ ጨምሮ ሲሰጥ፣ ለስምንቱ ደግሞ እንደ ዘመኑ ልማድ ያለ እርሱ ሲያስተኛ፣ ማስታገሻ ያልተሰጣቸው በደማቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን እጅግ እንደ ጨመረ፣ ከቀዶ ጥገናውም በኋላ ብዙ መታወክ እንደ ደረሰባቸው አሳየ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጨቅላን ያለ ማደንዘዣ መቅደድ ተገቢ አይደለም ብሎ ደነገገ። የሰለጠነው ዓለም የጨቅላውን ሕማም ለማመን ከሞርተን በኋላ 141 ዓመት ፈጀበት፤ የቀራንዮዋ እናት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ሳታምን ቀርታ አልነበረም።

የቀረውን በአጭሩ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን እንለፈው። በ1974 በጃፓን ታኩዎ አኦያጊ፣ ብርሃንን በሰውነት አሳልፎ የደሙን የኦክስጅን መጠን የሚያነብበትን ዘዴ ፈጠረ፤ ከዚያ በፊት የሰመመኑ ሰው የሕፃኑን ከንፈር መልክ እያየ ይገምት ነበር፤ የእኛ ሕፃናት ቆዳቸው ጠቆር ያለ በመሆኑም ሐኪሙ ወደ ምላስና ወደ ድዱ መመልከት ነበረበት። በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት ከቀዶ ጥገና በፊት የሚነበበውን የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ፤ በ2011 የተቋቋመው ላይፍቦክስ ይህን የኦክስጅን መለኪያ ድሆች ወደሆኑ አገሮች ማድረስ ጀመረ፣ በአዲስ አበባም ቢሮ አለው። በ2015 የዓለም ጤና ጉባኤ ቀዶ ሕክምናና ሰመመን ከጤና ሽፋን እንዳይለዩ ወሰነ፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ከዚያ ቀጥሎ «ሳልትስ» የተባለውን የደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር አወጣ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሕፃን ላይ እንዴት እንደሚደርስ ለማየት፣ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የምግብ ቧንቧው ከጉሮሮው በታች ተዘግቶ፣ ታችኛውም ክፍል ከአየር ቧንቧው ጋር ተጣብቆ የሚወለደውን ሕፃን እናስብ። ምራቁን መዋጥ ስለማይችል አረፋ በአፉና በአፍንጫው ይወጣል፤ ጡት ሲሰጡት ይታነቃል። አስተዋይ አዋላጅ ይህን አይታ ጡቱን ትከለክለዋለች፣ ከላይ ያለውንም ምራቅ የሚስብ ቀጭን ቱቦ ታስገባለታለች፣ ወዲያውም ሪፈር ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ፣ ከቀራንዮ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያም በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ወደ መሀል ከተማ፣ ሐምሌ የሆነ እንደሆነ በብርድና በዝናብ፣ የሰመመኑ የመጀመሪያ ክፍል መሆኑን ብዙ ሰው አይገነዘብም፤ ሕፃኑ ቀዝቅዞ የደረሰ እንደሆነ ከሐኪሙ እጅ ሳይገባ ግማሽ ጕልበቱን ጨርሷልና። ጨቅላ እንደ አዋቂ እየተንቀጠቀጠ ሙቀት አያመነጭም፤ በትከሻውና በኩላሊቱ ዙሪያ ያለውን ቡናማ ስብ እያቃጠለ ይሞቃል፣ ለዚያም ብዙ ኦክስጅንና ስኳር ይፈጃል። ስለዚህ ቀዳጆቹ እስኪያልባቸው ድረስ የቀዶ ጥገናው ክፍል 26 እና 27 ዲግሪ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ ላቡን የሚጠላ ቀዳጅ ቢኖር የሰመመኑ ባለሙያ አይሰማውም፣ መስማትም የለበትም።

አባቱ ውጭ ቆሞ ወረቀት ሲፈርም፣ ሴት አያቱ የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ሳይጠመቅ፣ ምን ይሆናል ትላለች። ለሞት በሚያሰጋ ጊዜ ሕፃን ከቀኑ በፊት እንዲጠመቅ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይፈቅዳልና፣ ካህን ተጠርቶ ሥርዓቱ በጥድፊያ ይፈጸማል፤ ሐኪሞችም ውኃው እንዳያቀዘቅዘው መለመናቸው አይቀርም።

ውስጥ ደግሞ ባለሙያው መድኃኒቱን ይቀምማል። ለአዋቂ የተሠራው ብልቃጥ ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ፍጡር ሲቀነስ፣ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ የተቀመጠች እንደሆነ መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሊትር መርፌ እየተለካ፣ ሁለት ሰው እያነበበው፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጣል። የሕፃኑ ደም በሙሉ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እንኳ አይሞላም። ለአዋቂ ከቁም ነገር የማይገባ 25 ሚሊ ሊትር ደም ለዚህ ሕፃን ከአሥር አንዱ እጅ ስለሆነ፣ ደሙን የጠጣው ጋዝ ጨርቅ እየተመዘነ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ቧንቧውን ማስገባት ነው። አየር ቧንቧው አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ርዝመት አለው፤ ቱቦው አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ታች የሄደ እንደሆነ ወደ አንደኛው ሳንባ ብቻ ይገባል፣ ወደ ላይ የተመለሰ እንደሆነ ይወጣል። በዚህ ሕፃን ደግሞ ሳንባና ሆድ የሚገናኙበት ቀዳዳ ስላለ፣ የቱቦው ጫፍ ከቀዳዳው በታች፣ ከሁለቱ ሳንባዎች መለያያ በላይ መድረስ አለበት፤ አለዚያ የሚነፋው አየር ወደ ሆዱ ገብቶ ሆዱ ይነፋል፣ ሳንባውም ቦታ ያጣል። ስለዚህ ብልህ ባለሙያ ቀዳጁ ቀዳዳውን እስኪያስር ድረስ ሕፃኑ በራሱ ኃይል እንዲተነፍስ ያደርገዋል፣ ወይም በለስላሳ እጅ ብቻ ያግዘዋል። ጨቅላ በክብደቱ ልክ ከአዋቂ እጥፍ ኦክስጅን ይፈጃል፣ በሳንባው ውስጥ የሚያከማቸው ግን ጥቂት ነው፤ መተንፈስ ካቆመ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልኩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ስለሆነች፣ አየሯም በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ከለንደን መጽሐፍ የተማረ ሰው በቀራንዮ ሕፃን ላይ የሚያገኘው ጊዜ በመጽሐፉ ከተጻፈው ያነሰ ነው። ኦክስጅን ሲጐድለው የጨቅላ ልብ አይፈጥንም፣ ይዘገያል እንጂ፤ በደቂቃ ከመቶ በታች የወረደ እንደሆነ ደም የሚረጨው ኃይሉ ሁሉ ይወድቃል፣ ከስልሳ በታች የሆነ እንደሆነ ደረቱ በጣት መጫን ይጀመራል። ባለሙያው ስለዚህ መጀመሪያ እጁን ወደ መድኃኒት ሳይሆን ወደ አየሩ ይሰዳል።

ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ስኳሩ ይለካል፤ ሕፃኑ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ እንደሆነም ሌሊት መተንፈሱን ሊያቆም ስለሚችል፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክፍል እየተጠበቀ ያድራል። በ1982 የታወቀው ይህ የእስትንፋስ መቋረጥ ለብዙ ሳምንታት የሚያሰጋ ነው፤ ለቀላል የብሽሽት ቀዶ ጥገና የመጣ ሕፃን ቤቱ ሄዶ ሌሊት እንዳይሞት የሚከለክለው አልጋ ማግኘት ነው። አልጋው የማይገኝበት ሌሊት እንዳለ የሚያውቁት የሚሠሩት ናቸው።

በ2021 በላንሴት የታተመ አንድ ጥናት፣ በ74 አገሮች 264 ሆስፒታሎች የታከሙ 3849 ሕፃናትን ተከታትሎ፣ በሰባት ዓይነት የሆድና የደረት የውልደት ጉድለት ምክንያት በሀብታም አገሮች ከመቶ 5.6፣ በመካከለኛ ገቢ አገሮች 20.4፣ በድሆቹ አገሮች ደግሞ 39.8 እንደሚሞቱ ዘግቧል። ሕመሙ አንድ፣ ሕፃኑም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚገኘው በመንገዱ፣ በአልጋውና በራስጌው በሚቆመው ሰው ላይ ነው። በዚያው ዓመት በአውሮፓ 31 አገሮች በጨቅላዎችና በትንንሽ ሕፃናት ላይ የተደረገው ሌላ ታላቅ ጥናት ደግሞ፣ ከሰመመኖቹ ከመቶ 35 በሚያህሉት ውስጥ ባለሙያው የደም ግፊትን፣ ኦክስጅንን ወይም ሌላ ነገርን ለማስተካከል ፈጥኖ እጁን ማስገባት እንዳስፈለገው አሳየ። ሀብት ያለበትም ቦታ ቢሆን ሕፃኑን ለመሣሪያ ትቶ የሚወጣ የለም ማለት ነው። በአገራችን በ2019 በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከሺህ ሕያው ወሊድ 33 ጨቅላዎች በመጀመሪያው ወር ያርፉ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ በቀዶ ሕክምና ሊድኑ ይችሉ እንደ ነበር ከቍጥሩ ተለይቶ አይነበብም።

በመጨረሻ የመጣው ጭንቀት ከሞት የራቀ፣ ግን እናቶች ሁሉ የሚጠይቁት ነው፤ «ማደንዘዣው አእምሮውን አይጎዳውም ወይ?» ይላሉ። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርምሮች የማደንዘዣ መድኃኒቶች የሚያድገውን አእምሮ ሊነኩ እንደሚችሉ በማመልከታቸው፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሰባት አገሮች 722 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ግን፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ አንድ ጊዜ የተሰጠ ሰመመን በአምስት ዓመታቸው በአእምሯቸው ላይ ልዩነት እንዳላመጣ በ2019 አስታወቀ፤ ከእነዚህም ግማሾቹ ለብሽሽታቸው ቀዶ ጥገና የተደነዘዙት፣ በ1909 ታይረል ግሬይ እንዳሳየው፣ በጀርባቸው በኩል ነበር። ለረጅም ሰዓትና ለተደጋገመ ሰመመን የሚሆን እንዲህ ያለ መልስ ገና አልተገኘም። ስለዚህ ሊዘገይ የሚችለው ቀዶ ጥገና ልጁ ከፍ እስኪል ይዘገያል፤ የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ ከቀራንዮ የመጣውን ሕፃን ግን፣ ሙቀቱና ስኳሩ እንደ ተስተካከለ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ያስገቡታል።